ፎካሪ ያላገኘው ፎርማ

በአገራችን ከንዋየ ሐቅል ሁሉ ጠመንጃን ያህል የተወደሰ፣ የተሞካሸ፣ በእልፍኝ ግድግዳ ላይ ከቅዱሳን ሥዕል ብዙም ሳይርቅ የተሰቀለ፣ ባለቤቱ ሲሞትም ከበቅሎውና ከጋሻው ጋራ በለቅሶው መካከል እየዞረ እንባ የፈሰሰለት ዕቃ ያለ አይመስለኝም። ፎካሪው ከመደቡ ዘሎ ሲነሣ የሚጠራው የውጅግራውን፣ የስናድሩን፣ የለበኑን ወይም የምንሽሩን ስም ነው፤ አንድ ጊዜ ተኩሶ እስኪጎርስ ድረስ ጠላትን ደጅ የሚያስጠናው ዘገምተኛ ጠመንጃ እንኳ «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚል የማዕረግ ስም ሳያገኝ አልቀረም። ያ ጠመንጃ የሚተፋውን አረር ከምድጃ ዳር ተቀምጣ ስትፈጥር የኖረችውን ትንሽ የብረት ፎርማ ግን ስሟን ጠርቶ፣ ጎፈሬውን ነስንሶ፣ «የባለ ፎርማው ልጅ!» ብሎ የፎከረ ጀግና በጆሮዬም አልሰማሁ፣ በዜና መዋዕልም ተጽፎ አላነበብሁ። ክብር እንደ ጢስ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ምድጃው አይመለስም ካልተባለ በቀር፣ ለዚህ ዝምታ ምክንያት ላገኝለት አልቻልሁም።

ይህን ነገር እንዳሰላስል ያደረጉኝ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሰፈራችን ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ብርድ ከሌላው ሰው ቀድሞ በሚጎበኘው ዳገት ላይ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው። እኒህ ሰው ከአያታቸው የወረሱትን የአረር ፎርማ በቡፌያቸው ውስጥ ከብርጭቆዎችና ከልጆቻቸው የምረቃ ፎቶግራፍ መካከል አስቀምጠውታል። ዕቃው ሁለት እጀታ ያለው፣ በጫፉ ሁለት ቁራጭ ብረቶች የሚገጥሙበት፣ ሲከፈትም በየቁራጩ ሆድ የግማሽ አረር ጉድጓድ የሚታይበት ነው፤ ላዩን ብቻ ላየው ሰው ግን ቁርጥ የጥርስ መንቀያ ጉጠት ይመስላል። ስለዚህም ለበዓል የመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ አንድ ስም ሳያወጣለት አይሄድም። የጥርስ ሐኪም የሆነችው የእኅታቸው ልጅ «ጋሼ፣ አያታችሁ በዚህ የስንቱን መንጋጋ አውርደዋል?» ብላ ጠይቃቸዋለች፤ ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ የአክስቷ ልጅ ደግሞ የነጭ ሽንኩርት መጭመቂያ መስሎት ወደ ማድ ቤት ይዞት ሊገባ ሲል ከደጃፉ ላይ ተይዟል። እትዬ ባለቤታቸው በበኩላቸው ስለ ቅርሱ ያላቸው አስተያየት አጭር ነው፤ «ጠመንጃው ለመሬት ክርክር ተሸጠ፣ መሬቱም በክርክሩ ሄደ፤ ለእኔ የቀረልኝ ይህን መወልወል ነው» ይላሉ። ጋሼም ይህን ሲሰሙ ቡናቸውን ፉት ብለው «ያለ አረር ጠመንጃ ምርኩዝ ነው፤ አረሩስ ያለዚህ ከወዴት ሊመጣ ኖሯል?» ብለው ይመልሳሉ፤ ክርክሩም እስከሚቀጥለው በዓል በይደር ይቆያል።

እኔ ለጋሼ እፈርዳለሁ፤ የምፈርድበትም ምክንያት አለኝ። ብረት ለመቅለጥ ከ1,500 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ መዳብም ከ1,000 ዲግሪ በታች አይበገርም፤ እርሳስ ግን በ327 ዲግሪ ላይ እጁን ይሰጣል። ስለዚህ ብረትን ወይም መዳብን አቅልጦ መገዛት የባለ ወናፍና የባለ ምድጃ ሙያ ሲሆን፣ እርሳስን መግዛት ግን ከሰልና ትዕግሥት ላለው ለማንኛውም ባላገር የተፈቀደ ነበር። እርሳሱ በትንሽ ማሰሮ ወይም በብረት ጭልፋ ይቀልጣል፤ ጥቂት ቆርቆሮ ቢያገኝ ይጠነክራል፤ ቀድሞ በሞቀው ፎርማ ውስጥ በላይኛው ቀዳዳ ይፈስሳል፤ እጀታው ሲከፈት አረሩ ዱብ ይላል፤ በአፉ ላይ የተረፈችው ጭራም በካራ ተቆርጣ ወደ ማሰሮው ትመለሳለች። በዚህ ሥራ አንዳች የሚባክን ነገር የለም፤ የተበላሸው ሁሉ ተመልሶ ይቀልጣልና፣ በዓለም ላይ ስሕተት ያለ ቅጣት ከሚታረምባቸው ጥቂት ሙያዎች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አፍንጫው ክፍት የሆነው አረር ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። ለእርሱ የሚሠራው ፎርማ ከአረሩ አፍንጫ በኩል የሚገባ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ አለው፤ እርሳሱ ዘንጉን ከብቦ ይረጋና ዘንጉ ሲወጣ በአረሩ ግንባር ላይ ጉድጓድ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው አረር የመታውን ነገር ሲያገኝ በጉድጓዱ ምክንያት ተከፍቶ ይሰፋል። ዘንጉ በበቂ ካልሞቀ እርሳሱ ሳይሞላ ቀድሞ ይረጋና ፊቱ የተጨማደደ አረር ይወጣል፤ ይህም ወደ ማሰሮው ይመለሳል። በአሜሪካ እስከ ዛሬ ድረስ ለስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸው ይህን የመሰለ አረር በአሮጌ ፎርማ እያፈሰሱ ቅዳሜያቸውን የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ። በ1884 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባርሎ የተባለ ሰው ያቋቋመው፣ በኋላም በ1925 ላይማን በተባለው ድርጅት እጅ የገባው የአይዲያል ፋብሪካ ፎርማዎች በነዚህ ሰዎች ዘንድ እንደ ብራና መጻሕፍት ይፈለጋሉ። እርሳሱን ያገኙት የነበረው ብዙ ጊዜ ከጎሚስታ ቤት ነው፤ ጎማ ሚዛኑን እንዲጠብቅ በቸርኬው ዳር የሚለጠፈው ቁራጭ እርሳስ ለእነርሱ መና ነበር። የአሜሪካው ሰውዬ መገናኛን ቢያይ፣ ከጎሚስታዎቹ ደጃፍ ድንኳን ተክሎ በዚያው ይቀር ነበር። ሚስቶቻቸው ግን በአንድ ነገር ከእትዬ ጋራ ይስማማሉ፤ እርሳስ መርዝ ነውና አንድ ጊዜ የቀለጠበት ድስት ዳግመኛ ለወጥ አይሆንም፣ ስለዚህም ሰውዬው ከነምድጃው ከቤት ወጥቶ ወደ መኪና ማደሪያው ይሰደዳል።

ወደ እንጦጦ እንመለስ፤ ምክንያቱም ፎርማዋ በክብር ልትቀመጥበት የሚገባው ታሪክ የተፈጸመው እዚህ፣ ዛሬ ወጣቱ ፈረስ ሊጋልብና ፎቶግራፍ ሊነሣ በሚወጣበት ተራራ ላይ ነው። በ1879 ዓ.ም. በየካቲት ወር አርቱር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ፣ ገና በወጣትነቱ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ንግድ የገባው ሰው፣ 2,000 ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በአንኮበር አልፎ እንጦጦ ደረሰ። ጠመንጃዎቹ በአፈ ሙዝ የሚጎርሱ፣ የአውሮፓ ሠራዊት ከ40 ዓመት በፊት ያሰናበታቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ራምቦ ራሱ ለቤተ ሰቡ እንደ ጻፈው፣ በሊዬዥ ከተማ ካሉ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገኛል፤ ለሸዋ ንጉሥ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። የትርፉ ሒሳብ በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ነበር። የሚያሳዝነው የእንጦጦ አየር ለወረቀት ሒሳብ የማይስማማ መሆኑ ነው።

ንጉሥ ምኒልክ በዚያ ጊዜ ሐረርን ይዘው በመመለስ ላይ ነበሩ፤ ወደ እንጦጦ የገቡትም በሐረር በተማረኩ የግብፅ መለከቶች ድምፅ ታጅበው፣ በሰው ሸክም የመጡ የክሩፕ መድፎችን አስከትለው መሆኑን ያው ነጋዴ በዐይኑ አይቶ ጽፏል። ክሩፕ መድፍ ይዞ ለሚገባ ንጉሥ የሊዬዥን ሽማግሌዎች በአምስት እጥፍና ከዚያም በላይ በሆነ ዋጋ ለመሸጥ መሞከር ምን ያህል የቅኔ ተስፋ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይፍረድ። በዚህ ላይ የራምቦ ሸሪክ የነበረው ላባቱ የተባለው ፈረንሳዊ ቀደም ብሎ ሞቶ ነበርና፣ ንጉሡ የሟቹን ዕዳ ከጠመንጃው ዋጋ ላይ ቀነሱ፤ አበዳሪ የሆነውም ያልሆነውም ወደ ራምቦ ድንኳን ጎረፈ፤ የሟቹ ሚስትም በዳኛ አቆመችው። ሰውዬው በንዴት ላባቱ የጻፋቸውን 34 የማስታወሻ ደብተሮች ሴትዮዋ እየረገመችው ሰብስቦ አቃጠለ፤ በኋላ ሲሰማ ግን በደብተሮቹ መካከል የርስት ሰነዶች ገብተው ኖረዋል። በመጨረሻ ንጉሡ ጠመንጃውን በጅምላ በቅናሽ ወስደው፣ ገንዘቡን ሐረር ከደጃዝማች መኰንን ዘንድ እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። የአውሮፓ ጸሐፍት ስለዚህ ነገር ሲያትቱ ለባለቅኔው ያዝኑለታል፤ እኔ ግን ለዐርባ ዓመት ጡረተኛ ጠመንጃ ሙሉ ዋጋ ያልከፈለውን ገዢ አደንቃለሁ እንጂ ለሻጩ የማፈስሰው እንባ የለኝም።

ዋናው ነገር ግን ከዋጋው በኋላ የሚመጣው ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ባሩድ፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥል የመዳብ ቆብና አረር። ቆቡ ከባሕር ማዶ ካልመጣ አይገኝም፤ ባሩዱን ግን የአገራችን ሰው ከጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል አዋሕዶ በራሱ እጅ ይወቅጠው ነበር፤ አረሩንም በፎርማው ያፈስሰው ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ በቤት የሚሠሩ ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ የጋሼ አያት በዘመናቸው ከነጋዴ ዘንድ የሚለምኑት ትንሽ ነበር፤ እርሳስ ካገኙ ማታ ከምድጃቸው ዳር ተቀምጠው ለነገው ፉከራ የሚበቃውን ያህል አፍስሰው ይተኛሉ።

ይህን ባለቤትነት የወሰደብን ጥይት ነው። በፈረንሳይ በ1874 እንደነርሱ አቈጣጠር የወጣውና እኛ ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ 11 ሚሊሜትር የሆነ፣ 25 ግራም ያህል አረር የተሸከመ የናስ ጥይት ይጎርሳል፤ አረሩ፣ ባሩዱና ቆቡ በአንድ ቀለህ ውስጥ ታስረው ይመጣሉ። ከዚህ በኋላ ባላገሩ ምድጃውን ትቶ የነጋዴ ደጅ ጠኚ ሆነ። ባለ ብልኃት ሰው ግን የተተኮሰውን ቀለህ ለቅሞ ዳግመኛ እየሞላ ይተኩስበት ነበርና፣ ፎርማዋም ሙሉ በሙሉ ሥራ ፈት አልሆነችም።

ጥይት ውድ ከመሆኑ የተነሣ በዘመኑ ገበያ ከአሞሌ ጨውና ከጠገራ ብር ጋራ ተሰልፎ ገንዘብ እስከ መሆን ደረሰ፤ ጠገራውን ያልሞላ ዕቃ በጥይት ይገዛ፣ መልሱም በጥይት ይሰጥ ነበር። ዝናር የታጠቀ ሰው ባንኩን በወገቡ ታጥቆ የሚሄድ ሰው ነበር ማለት ነው። እስቲ አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ዘመን በሠርግ ላይ ደስ ብሎት አምስት ጥይት ወደ ሰማይ የለቀቀ አማች ምን እንዳደረገ አስብ፤ አምስት ጊዜ በርበሬና ጨው ወደ ደመና ተኩሷል። ሚስቱ እልል እያለች በልቧ ስትቈጥር ይታየኛል። ለባለጸጋ ልቅሶ የሚተኰሰውም ተኵስ የሟቹን ክብር ብቻ ሳይሆን የወራሾቹን ኪሳራ ጭምር ያሰማ ነበር። የዛሬው ሰው በሠርግ ላይ ብር በሙዚቀኛ ግንባር ላይ ሲለጥፍ ያባከነ ይመስለዋል፤ እሱስ ቢያንስ ሙዚቀኛው ወስዶ ይበላዋል።

ፎርማዋ ፎካሪ ያጣችበት ሌላ ምክንያት ደግሞ እውነቱን ለመናገር ከእኛው ነውር የመጣ ነው። ብረት የሚያቀልጠውን ቀጥቃጭ ቡዳ ነህ፣ ጠይብ ነህ እያለ ሲሰድበው የሚውለው ሰው፣ ቃታው ሲሰበርበት ማታ በጓሮ ዞሮ የተሰዳቢውን ደጅ ይመታ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን የተናቀውን ሙያ ፈልገው በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሰብስበው፣ ወንጌሉን ለጊዜው አስቀምጣችሁ መድፍ አቅልጡልኝ አሏቸው። ከአቅላጮቹ አንዱ ሞሪትዝ ሆል የተባለ በፖላንድ የተወለደ ሰው ነበር፤ በሲኒማ ዓለም የታወቀው ፒተር ኡስቲኖቭ የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ የመድፍ አቅላጭ ዘር ዞሮ ዞሮ ቀልደኛ ሲሆን ማየት የልብን ያደርሳል። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በስንት ሺህ ክንድ ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፤ ምስሉም ዛሬ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ታክሲ ይጠብቃል። ሆኖም ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የመጨረሻዋን ሰዓት የፈጸሙት በዚያ ባስቀለጡት መድፍ ሳይሆን ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ነው።

ዐፄ ምኒልክም ነገሩን ከሌላ በኩል ያዙት። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሲመጣ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሰፋ አዘው ሙያውን ፈተኑት ይባላል፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ፣ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ከእንግዲህ እንዲታረም አዘዙ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፉከራው ግን እስካሁን አልሰማውም።

አሁን ደግሞ ስለዚያች አፍንጫዋ ክፍት ስለሆነች አረር አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ፍርድ አጎድላለሁ። እንግሊዞች በሕንድ አገር በካልካታ አጠገብ ዱምዱም በሚባል የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በ1896 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የሚሰፋ ጥይት ሠሩ፤ ሁለት ዓመት ቈይተውም ለዌብሊ ሽጉጣቸው «ሰው አስቁም» ሊባል የሚችል ስም ያለው፣ ፊቱም ጀርባውም ጎድጓዳ የሆነ አረር አወጡ። በ1899 በሄግ ከተሰበሰቡት መንግሥታት ብዙዎቹ ግን በሰው አካል ውስጥ የሚሰፋ ጥይት በእርስ በርሳቸው ጦርነት እንዳይተኰስ ቃል ተገባቡ፤ «ሰው አስቁሙም» ራሱ እንዲቆም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ያ ዐይነት አረር የአዳኝና የዒላማ ተኳሽ፣ በብዙ አገርም የፖሊስ ሲሆን፣ ለጦር ሜዳ ውግዝ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ ወደ ጄኔቭ ወጥታ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰማችው ክስ ምን ነበር ብትሉ፣ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ጥይት ይተኩሱብናል የሚል ነበር። ይህን የምትከስሰው በ1925 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የመርዝ ጢስን ያወገዘውን የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ያጸደቀችው፣ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮም በአውሮፕላን በትግሬና በተንቤን ሠራዊት ላይ፣ በእረኛና በውኃ ቀጂ ላይ ይፕሪት የተባለውን መርዝ ስታዘንብ የነበረችው ራሷ ናት። በአረር አፍንጫ ላይ ያለች ቀዳዳ ታየቻት፤ ከሰማይ የምታፈስሰው ግን አልታያትም። የእንግሊዝ መንግሥትም ጥይቱ ከአገሬ ፋብሪካ ለኢትዮጵያ ተሸጠ የሚለውን ወሬ አስተባበለ። ሰኔ 23 ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው አዳራሽ ቆመው የመርዙን ነገር ሲናገሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ክስ ሁሉ ውስጥ የጋሼን አያት የመሰለ ሰው ከምድጃው ዳር ተጠርቶ ለምስክርነት አለመቅረቡ ይቈጨኛል፤ እርሳስ እንዴት እንደሚፈስስ ሲያስረዳቸው ቢያንስ ዳኞቹ ይሞቃቸው ነበር።

ዛሬ ከጋሼ በረንዳ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የየካ ዳገትና የእንጦጦ ሥር የታሪክን ቀልድ በግልጥ ያሳዩታል። ጠመንጃ የሸጠችልን ፈረንሳይ፣ መሣሪያ የላከችልን ሩስያ፣ መቅደላን ያቃጠለችው እንግሊዝ፣ ሁለት ጊዜ የወጋችን ኢጣሊያ፣ አራቱም ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በተሰጣቸው ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በዚሁ በሰሜን ምሥራቁ ዳገት ላይ፣ በባሕር ዛፍና በጥድ ጥላ ሥር እንደ ደኅና ጎረቤት ተቀምጠዋል። ከበላያቸው ራምቦ የተከራከረበት የእንጦጦ ሜዳ በ2013 ዓ.ም. መናፈሻ ሆኖ ተከፍቷል፤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡበት የእንጦጦ ማርያምም ከነሙዚየሟ በቦታዋ አለች።

ጠመንጃው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ተቈጥሮና ተመዝግቦ ፈቃድ እንዲወጣለት ሆኗል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኰሰ ጥይት የሚወድቅበትን ስለማይመርጥ ዝም ማለቱ ለሁላችንም ደኅና ነው። ፎርማዋ ግን ማንንም አትጎዳም፣ ቦታም አትይዝም፣ የምትፈልገውም በዓመት አንድ ጊዜ የእትዬን ጨርቅ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከአያትህ ሣጥን ሥር ጉጠት የምትመስል፣ በሆድዋ ጉድጓድ ያለባት አሮጌ ብረት ብታገኝ፣ በማለዳ ከደጅህ «ቆራሌው!» እያለ ለሚያልፈው ልጅ በኪሎ ሒሳብ አትስጣት፤ የማን እንደ ነበረች፣ ከየት እንደ መጣች፣ ለየትኛው ጠመንጃ ታፈስስ እንደ ነበረ ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጠይቀህ በወረቀት ጻፍና፣ ቤትህ የማይበቃት ከሆነ ወደ እንጦጦ ማርያም ሙዚየም ወይም ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወስደህ አስረክብ።